በኢንዶኔዥያ ገጠር ለመሰንበት ወይስ ለመኖር? መንደሩንና የመሬት ውሉን እንዴት እንምረጥ

ሌሊት ላይ ግድግዳው ላይ ያለው የመብራት ቆጣሪ ጢጥ ጢጥ ማለት ጀመረ። የቤቱ እናት ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ መጡ። እኔ በስልኬ አበራሁላቸው፤ እሳቸው ከአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ 20 አሃዝ እያነበቡ አንድ በአንድ አስገቡ። ጩኸቱ ቆመ፣ ወደ መኝታችን ተመለስን። እኛ አገር ካለው የካርድ ቆጣሪ ጋር አንድ ነው፤ ልዩነቱ በካርድ ፈንታ ከሱቅ የተገዛ ቁጥር መግባቱ ብቻ ነው።

መንደሯ ቴቴባቱ ትባላለች። ሎምቦክ ደሴት ላይ፣ ሪንጃኒ ከሚባለው 3,726 ሜትር ከፍታ ካለው እሳተ ገሞራ በስተደቡብ ባለው ተዳፋት ላይ ናት። ከዚያ ከተመለስኩ ወዲህ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች በሁለት ይጠቃለላሉ። አንደኛው «የትኛው መንደር ይሻላል?» ነው። ሁለተኛው «መሬት መግዛት ይቻላል ወይ?» ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ ላይ ሊወስን ይሞክራል። ባሊን በፎቶ አይቶ፣ አንድ ደላላ አግኝቶ፣ ሳይከርምበት ውል የሚፈርም ሰው አለ። እኔ ሁለቱን ለየብቻ እንድታዩዋቸው እፈልጋለሁ። መጀመሪያ መንደሩ፣ ከዚያ ኪራይ፣ መሬት ደግሞ በመጨረሻ።

በምን እንመዝን?

የመጀመሪያው መንገድ ነው። ከአየር ማረፊያ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ሁሉም ይጠይቃል። እናንተ ግን ሌላም ጠይቁ፦ ሌሊት፣ በዝናብ፣ አንድ ሰው ቢታመም ሆስፒታል ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ሁለተኛው ወቅት ነው። በእነዚህ ደሴቶች ዝናቡ በጥቅሉ ከኅዳር እስከ መጋቢት ይበረታል። ፎቶዎቹ በአብዛኛው የሚነሱት በበጋ ነው። በጥር የጠነከረ ዝናብ የመሬት መንሸራተት ያመጣል፣ ጣራ ያፈሳል፣ ልብስ ለቀናት አይደርቅም።

ሦስተኛው ገበታና እምነት ነው። ሎምቦክ ላይ ሳሳክ የሚባሉት ነዋሪዎች ሙስሊሞች ናቸው፤ ምግቡ ሐላል መሆኑ ሳይጠየቅ የታወቀ ነው። ባሊ ሂንዱ ነው፣ የአሳማ ሥጋም የተለመደ ነው። በፍሎረስ ደሴት የማንጋራይ ሕዝብ በአብዛኛው ካቶሊክ ነው። ለጿሚ ኢንዶኔዥያ ትመቻለች። ከአኩሪ አተር የሚሠሩት ቴምፔና ቶፉ በየሱቁ በርካሽ ይገኛሉ። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። የአትክልት የሚመስሉ ብዙ ምግቦች ውስጥ ተራሲ የሚባል ከሽሪምፕ የተሠራ ማጣፈጫ ይገባል። «ታንፓ ተራሲ» በሉ፤ ያለ ተራሲ ማለት ነው።

አራተኛው ሥራ ነው፤ ከሩቅ በኢንተርኔት ለምትሠሩ። ባሊ፣ ሎምቦክና ፍሎረስ ከኢትዮጵያ 5 ሰዓት ይቀድማሉ፤ ጃቫ 4 ሰዓት። ለአውሮፓ ቀጣሪ ከሰዓት በኋላና ማታ ትሠራላችሁ። ለአሜሪካ ቀጣሪ ግን ሌሊቱ በሙሉ ሥራ ነው፤ ገበሬው መንደር ደግሞ ጎህ ሳይቀድ ነው የሚነሳው።

አምስተኛው መሬቱ ነው። የማን ነው? ውሃውን ማን ያከፋፍላል? ይህን ወደ ኋላ በሰፊው እመለስበታለሁ።

አራት መንደሮች

ኢንዶኔዥያ በ2021 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት «ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች» ውድድር ሦስት መንደሮችን አቅርባ ነበር፦ ቴቴባቱን፣ ንግላንገራንንና ዋኤ ረቦን። የተመረጠችው ንግላንገራን ናት። ሦስቱንም እዚህ አያቸዋለሁ። አራተኛዋን ሙንዱክን የጨመርኩት «ባሊ ካልሆነ አልሄድም» ለሚል ሰው ነው።

ቴቴባቱ (ሎምቦክ)። እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፤ ከአራቱ በደንብ የማውቃት እሷን ነውና።

ሩዝ ዋናው ነው። ከሩዝ ቀጥሎ በበጋ ትምባሆ ይተከላል፤ በምሥራቅ ሎምቦክ ስትጓዙ ከየማሳው ዳር ከፍ ከፍ ብለው የሚታዩት የጡብ ቤቶች የትምባሆ ማድረቂያ ናቸው። ቃሪያና አትክልትም አለ። ከሩዝ ማሳው ወዲያ ጫካው ይጀምራል፤ ጥቁር ረጃጅም ጭራ ያላቸው ሉቱንግ የሚባሉ ጦጣዎች ይኖሩበታል። ፏፏቴዎችም አሉ።

ኑሮው ግን የሚታየው በሩጋክ ላይ ነው። በሩጋክ ግድግዳ የሌለው፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ በሣር ወይም በቆርቆሮ የተከደነ መደብ ነው። እያንዳንዱ ግቢ አንድ አለው። እንግዳ የሚቀመጠው እዚያ ነው፣ ቡና የሚጠጣው እዚያ ነው፣ የሠርግም ሆነ የመሬት ጉዳይ የሚነገረው እዚያ ነው። በቀጥታ ወደ ቤት አትግቡ፤ በሩጋኩ ላይ ተቀመጡ፣ ጫማ አውልቁ። ቡናው ኮፒ ቱብሩክ ይባላል። የተፈጨው ቡና ብርጭቆ ውስጥ ይገባና የፈላ ውሃ ይፈስበታል። አተላው እስኪረጋ መታገስ ነው። ለጀበና የለመደ ሰው መጀመሪያ ይከብደዋል፤ እኔ በሦስተኛው ቀን ወደድኩት።

መታጠቢያው በብዙ ቤት ገንዳና ጆግ ነው። ውሃው ከተራራ ስለሚወርድ ጠዋት ላይ ያንቀጠቅጣል። የመጀመሪያው አዛን የሚሰማው ገና ሳይነጋ ነው፤ ሎምቦክ «የሺህ መስጊዶች ደሴት» ትባላለች። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ያዙ። በረመዳን ከሄዳችሁ ቀን በአደባባይ አትብሉ።

ከሎምቦክ አየር ማረፊያ በመኪና ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ለከባድ ሕክምና ወደ ሰሎንግ ወይም ወደ ማታራም መውረድ ግድ ነው። መንገዱ አስፋልት ነው፣ ግን ጠባብ ነው። የመሬት መንቀጥቀጥንም አትርሱ። በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ 2018 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ሎምቦክን የመቱት ርዕደ መሬቶች ከ500 ሰው በላይ ገድለዋል። ቤት ስትከራዩ የኮንክሪት ምሰሶና ማሰሪያ እንዳለው ጠይቁ፤ ብሎኬት ብቻ ተደርድሮ የተለሰነ ቤት አትያዙ።

ሙንዱክ (ሰሜን ባሊ)። ከደቡብ ባሊ አየር ማረፊያ ከ2 ሰዓት በላይ ይርቃል፤ ትራፊኩ ከባሰ 3 ሰዓት። ደጋ ነው፤ ጉም፣ ቅዝቃዜ፣ ቡናና ቅርንፉድ። በቅርንፉድ ወቅት በየቤቱ ደጃፍ ምንጣፍ ላይ ይሰጣል። መጀመሪያ አረንጓዴና ቀላ ያለ ነው፤ ቀን በቀን እየጠቆረ ይሄዳል። ሽታው መንደሩን ሁሉ ይሞላል፤ እኛ ሻይ ውስጥ ሁለት ፍሬ ጣል የምናደርገው ያ ቅርንፉድ እዚህ የአንድ ቤተሰብ ዓመታዊ ገቢ ነው። ለጎብኚ ከአራቱ የተመቻቸችው እሷ ናት፤ ማረፊያው ብዙ ነው፣ የውጭ ቋንቋ የሚናገር ሰው አይጠፋም። ዋጋውም በዚያው ልክ ይወጣል። ዝናቡ ከሌላው ይበረታል፣ እርጥበቱ ደረት ለሚያመው ሰው አይሆንም። በባሊ መንደር መኖር ማለት ደግሞ ባንጃር በሚባለው የሰፈር ማኅበር ሥርዓት ውስጥ መግባት ነው። የመዋጮና የበዓል ግዴታ አለ። ኞፒ በሚባለው የዝምታ ቀን አየር ማረፊያው ሳይቀር ለ24 ሰዓት ይዘጋል፤ ትኬት ስትቆርጡ ቀኑን እዩ።

ንግላንገራን (ጃቫ)። ከዮግያካርታ ከተማ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ለሕክምና ከአራቱ የተሻለችው እሷ ናት፤ ዮግያካርታ ትልልቅ ሆስፒታልና ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት። የካካዋ ተክል፣ የወተት ፍየልና የዱሪያን ፍሬ ይታወቅባታል። የመንደሩ ሰዎች ከኮረብታ ላይ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ኩሬ አላቸው፤ በበጋ የዱሪያን ተክሉ የሚጠጣው ከዚያ ነው። ልጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው ይመቻል። የቱሪዝም ሥራው በመንደሩ ወጣቶች የተደራጀ ስለሆነ ማንን ማነጋገር እንዳለባችሁ አትቸገሩም።

ዋኤ ረቦ (ፍሎረስ)። መኪና አይገባም። ከመጨረሻው መንገድ ተነስቶ በጫካ ውስጥ ሽቅብ 2 ወይም 3 ሰዓት በእግር ነው። ጉሙ ሲገለጥ ሰባት ሾጣጣ ቤቶች ክብ ሠርተው ይታያሉ። ምባሩ ኒያንግ ይባላሉ፤ አምስት ደርብ አላቸው፤ ክዳናቸው እስከ መሬት ይወርዳል። ቤቶቹን መልሶ የመገንባቱ ሥራ በ2012 የዩኔስኮ የእስያና ፓስፊክ የቅርስ ጥበቃ ሽልማት አግኝቷል። እንግዳ መጀመሪያ ወደ ዋናው ቤት ገብቶ በሽማግሌዎች ይመረቃል፤ ከዚያ በፊት ፎቶ ማንሳት ነውር ነው። ሴቶቹ ቡና በሙቀጫ ይወቅጣሉ። የዘነዘናውን ድምፅ ስትሰሙ የት እንዳላችሁ ለአፍታ ትረሳላችሁ። እንቅልፉ ከሌሎች እንግዶች ጋር በአንድ ክብ ቤት ወለል ላይ፣ በምንጣፍ ነው። መሬቱ የወል ነው፤ የሚገዛም የሚከራይም የለም። አንድ ወይም ሁለት አዳር በቂ ነው። የወባ ነገርም አለ፤ በፍሎረስ ወባ ስለሚገኝ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ።

| መመዘኛ | ቴቴባቱ | ሙንዱክ | ንግላንገራን | ዋኤ ረቦ |
|---|---|---|---|---|
| መድረሻ | ከአየር ማረፊያ ከ1 ሰዓት በላይ | ከ2 እስከ 3 ሰዓት | ከዮግያካርታ 1 ሰዓት ገደማ | ረጅም የመኪና ጉዞ፣ ከዚያ በእግር 2 እስከ 3 ሰዓት |
| እርሻ | ሩዝ፣ ትምባሆ | ቡና፣ ቅርንፉድ | ካካዋ፣ ፍየል፣ ዱሪያን | ቡና |
| አየር | ቀን ሞቃት፣ ሌሊት ቀዝቀዝ | ደጋ፣ ጉም | ሞቃት | ብርድ፣ ጉም |
| ሕክምና | መካከለኛ | መካከለኛ | ጥሩ | ሩቅ |
| ሐላል ምግብ | ያለ ጥያቄ | ፈልጎ ማግኘት | ያለ ጥያቄ | አስቀድሞ መናገር |
| ለረጅም ኪራይ | ይሆናል | ይሆናል፣ ይወደዳል | ከመንደሩ ጋር ተነጋግሮ | አይሆንም |

አሁን ወደ መሬቱ

ቴቴባቱ ሳለሁ አንድ ደላላ የሩዝ ማሳ አሳየኝ። ቦታው ያፈዛል፤ ሪንጃኒ ፊት ለፊት ነው። «በዘመዴ ስም ይሆናል፣ ምንም ችግር የለውም» አለኝ። ካርታውን ስጠይቀው ያወጣልኝ የመሬት ግብር ደረሰኝ ነበር። የግብር ደረሰኝ ካርታ አይደለም። ኢንዶኔዥያም ውስጥ ግብር የከፈለ ሁሉ ባለቤት አይደለም። ያን ቀን ቡናዬን ጨርሼ አመስግኜ ተነሳሁ።

የሕጉ ሥር የ1960ው የመሬት ሕግ ቁጥር 5 ነው። ሙሉ ባለቤትነት፣ ሃክ ሚሊክ የሚባለው፣ ለዜጋ ብቻ ነው። የውጭ ዜጋ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ እንዲይዘው የሚደረግ ማንኛውም ውል ከመነሻው ፈራሽ ነው። መሬቱ ለመንግሥት ይሆናል፤ የተከፈለውም ገንዘብ አይመለስም። ስለዚህ በሰው ስም መግዛት የሚባለውን ከምርጫ ውስጥ አውጡት። ጓደኛችሁ ቅን ሰው ሊሆን ይችላል። እሱ ቢሞት ግን የምትከራከሩት ከወራሾቹ ጋር ነው፤ በእጃችሁ ያለው ወረቀትም ፍርድ ቤት አይቆምም። የእርሻ መሬት ሲሆን ደግሞ ሌላ ገደብ አለ። ኢንዶኔዥያዊም ቢሆን እርሻው ካለበት ወረዳ ርቆ እየኖረ እንዲይዘው ሕጉ አይፈቅድም። «ጃካርታ ያለው የአጎቴ ልጅ ይይዝልሃል» ሲሏችሁ ይህን አስታውሱ።

ታዲያ ምን ይቀራል?

በቤተሰብ ማረፊያ መቀመጥ። አንድ አዳር ከቁርስ ጋር ብዙ ጊዜ ከ200,000 እስከ 400,000 ሩፒያ ነው፤ አንድ ዶላር 16,000 ሩፒያ ገደማ ነው ብላችሁ አስሉ። ለወር ስትሉ ዋጋው ይወርዳል፤ በኢንተርኔት ሳይሆን በሩጋክ ላይ ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ።

ዓመታዊ ኪራይ። ቤት ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት መከራየት። ገንዘቡ በአብዛኛው ቀድሞ ይከፈላል። ለብዙዎቻችሁ የምመክረው ይህንን ነው፤ አንድ ሙሉ ክረምት ታያላችሁ።

የረጅም ጊዜ ሊዝ፣ ሃክ ሴዋ። ብዙ ጊዜ ከ25 እስከ 30 ዓመት ነው። ዋጋው የሚነገረው በአሬ በዓመት ነው፤ አንድ አሬ 100 ካሬ ሜትር ነው። 5 አሬ ለ25 ዓመት ስትሉ 125 ጊዜ ማባዛት እንደሆነ አትዘንጉ፤ ትንሽ የሚመስለው ዋጋ እዚያ ላይ ይገዝፋል። ውሉ በኖታሪስ፣ ማለትም ውል በሚያረጋግጥ የሕግ ባለሙያ፣ ፊት ይሁን። ከመክፈላችሁ በፊት ካርታው በመሬት ጽሕፈት ቤት ይመርመር። የማራዘሚያው ዋጋ በምን እንደሚሰላ አሁን ይጻፍ፤ «ያኔ እንስማማለን» የሚል ሐረግ አትቀበሉ። የኪራይ ገቢ ግብሩን ማን እንደሚከፍልም ይግባ። ባለቤቱ ቢሞት ወራሾቹ ውሉን እንዲያከብሩ ይጻፍ፤ የሚስትም የባልም ፊርማ ይኑርበት።

የመጠቀሚያ መብት፣ ሃክ ፓካይ። የመኖሪያ ፈቃድ ላለው የውጭ ዜጋ በራሱ ስም የሚሰጥ ነው፤ 30 ዓመት፣ ማራዘሚያ 20፣ እድሳት 30። ግን ዝቅተኛ የቤት ዋጋ በየክፍለ ሀገሩ ተወስኗል፤ ባሊ ላይ 5 ቢሊዮን ሩፒያ ነው። የገጠር ጎጆ ለሚያስብ ሰው ይህ መንገድ አይሆንም።

ኩባንያ ማቋቋም። ከ10 ቢሊዮን ሩፒያ በላይ የኢንቨስትመንት ዕቅድ ይጠይቃል። ማረፊያ ቤት ለሚገነባ ነጋዴ እንጂ ለመኖሪያ አይደለም። «ርካሽ ኩባንያ እናቋቁምልህ» የሚሉትን እለፏቸው።

ከወረቀቱ ሁሉ በፊት ግን ሁለት ጥያቄ አለ። ማሳው የተጠበቀ የሩዝ መሬት ነው ወይ? ከሆነ ቤት አይሠራበትም፤ ሻጩ ምንም ቢል። የመሬት አጠቃቀም ፕላኑን ከወረዳው አስወጡ። ሁለተኛው፣ ውሃው በየት በኩል ያልፋል? ባሊም ሎምቦክም ላይ ውሃ የሚከፋፈለው ሱባክ በሚባል የገበሬዎች ማኅበር ነው፤ የባሊው በ2012 በዩኔስኮ ቅርስነት ተመዝግቧል። የሎምቦኩን የውሃ አባት ፐካሲህ ይሉታል። ከላይ ያለው ገበሬ ቦዩን ሲከፍት ከታች ያለው ይጠጣል። እናንተ መሃል ላይ አጥር አጥራችሁ ቦዩን ብትዘጉ የአሥር ቤተሰብ ሩዝ ይደርቃል። ስለዚህ ከደላላው በፊት ፐካሲሁን አነጋግሩ። እሱ «እዚህ ቤት አይሆንም» ካለ አይሆንም፤ ካርታው ንጹሕ ቢሆንም እንኳ።

ለማን የትኛው?

ሁለት ሳምንት ብቻ ካላችሁና በጀታችሁ ትንሽ ከሆነ ቴቴባቱ ሂዱ። ለምግብና ለማረፊያ በቀን ከ25 እስከ 35 ዶላር ይበቃል፤ መኪና በኮንትራት ከያዛችሁ ይጨምራል። ጉልበት ካላችሁና ፍሎረስን ለማየት ካሰባችሁ ዋኤ ረቦን ለአንድ አዳር ጨምሩ።

ወላጅ ወይም ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ንግላንገራን። ሆስፒታሉ ቅርብ ነው፣ ሐላሉም አያሳስብም።

ሙንዱክ በራሷ ደስ የምትል ናት፤ ከሩቅ የሚሠሩ ጥንዶች እዚያ ስድስት ወር ቢከራዩ አይጸጸቱም። ሥራችሁ በቪዲዮ ስብሰባ ከሆነ ግን ቤቱን ከመያዛችሁ በፊት ኢንተርኔቱን በዝናብ ቀን ሞክሩት።

ጡረታ ወጥታችሁ ለዓመታት ለመቀመጥ የምታስቡ፣ ሊዝ ከመፈረማችሁ በፊት በዚያው መንደር ከኅዳር እስከ መጋቢት ተከራይታችሁ ክረሙ። ይህን ምክር ብዙ ሰው አይወደውም፤ ገንዘቡን በእጁ ይዞ ቸኩሏል። በደቡብ ሎምቦክ የመሬት ወሬ ጨምሯል፤ እዚያ የማንዳሊካ የሞተር ሳይክል ውድድር ቦታ ከተከፈተ ወዲህ ደላላው «ነገ ይወደዳል» ይላል። ይወደድ። ከነገው ዋጋ ይልቅ በጥር የቆማችሁበት መሬት ውሃ ይቋጥር አይቋጥር ይበልጣል።

ጉዞው

ከአዲስ አበባ በባንኮክ፣ በዱባይ ወይም በዶሃ በኩል ይኬዳል። ወደ ሎምቦክ ከጃካርታ ወይም ከባሊ የአገር ውስጥ በረራ አለ፤ ከባሊ ፓዳንግ ባይ ወደብ በመርከብም 4 ወይም 5 ሰዓት ነው። ከኢትዮጵያ የምትነሱ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን ያዙ፤ ክትባቱ ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት ይወሰድ። ባሊ የሚገባ የውጭ ጎብኚ 150,000 ሩፒያ ይከፍላል።

ቪዛው እንደ ፓስፖርታችሁ ይለያያል። የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ፓስፖርት ያላችሁ ስትደርሱ 500,000 ሩፒያ ከፍላችሁ 30 ቀን ታገኛላችሁ፤ አንድ ጊዜ ይታደሳል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትሄዱ ትኬት ሳትቆርጡ በኢንዶኔዥያ ኢሚግሬሽን የኢ-ቪዛ ገጽ ላይ የሚፈቀድላችሁን እዩ። ከሩቅ ለሚሠሩ የአንድ ዓመት ቪዛ አለ፤ በዓመት 60,000 ዶላር ገቢ ማሳየት ይጠይቃል። በጎብኚ ቪዛ የጓደኛን ማረፊያ ማስተዳደር እንኳ ሥራ ተብሎ ሊያስባርር ይችላል።

ሞተር ከተከራያችሁ የሞተር ምድብ ያለበት ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ያዙ፤ ያለሱ ኢንሹራንሱ አይከፍልም። ማታ በገጠር መንገድ አትንዱ፤ አሳዳሪዎቻችሁ «ሂድ፣ ቅርብ ነው» ቢሏችሁም እስኪነጋ ቆዩ። ስትደርሱ ደግሞ የማረፊያው ባለቤት ወደ መንደሩ አስተዳዳሪ ይዟችሁ ይሂድ። ስማችሁን ይመዘግባል፣ ቡና ይጋብዛችኋል፣ ከዚያ በኋላ በየመንገዱ የሚያገኛችሁ ሰው የማን እንግዳ እንደሆናችሁ ያውቃል።